የሃይማኖት ጥናት መመረቂያ ጽሑፍ፦ ግራ ካጋባችሁ ነገር ጀምሩ

ብዙ ተማሪ አማካሪው ቢሮ የሚገባው «ሃይማኖትና ሰላም» ወይም «ሃይማኖትና ሴቶች» የሚል ሰፊ ርዕስ ይዞ ነው። እንዲህ ያለው ርዕስ ዕድሜ ልክ ቢሠሩበት አያልቅም። እኔ የምመክራችሁ ተቃራኒውን ነው። አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ሥርዓት ወይም አንድ ማኅበር ምረጡና እዚያ ውስጥ ግራ ያጋባችሁን አንድ ነገር ያዙ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙት ባሕር ዳርቻ፣ በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ጥቅልሎች አንዱ የአንድ ጥንታዊ የአይሁድ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ነው። በጉባኤ መሐል የተኛ ሰው 30 ቀን ይቀጣል ይላል። እንደ ሞኝ ጮክ ብሎ የሳቀም እንደዚያው 30 ቀን። እዚህ ጋ ቆም በሉ። እንቅልፍን እንዲህ አክብዶ የሚቀጣ ማኅበር ጉባኤውን ምን አድርጎ ነው የሚያየው? በቃ፣ ጥያቄ አገኛችሁ። ጠባብ ነው፣ ማስረጃውም እጃችሁ ላይ አለ።

«ይህ እምነት እውነት ነው ወይ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን ወደ ነገረ መለኮት ተሻግራችኋል። ነገረ መለኮት የተከበረ ሙያ ነው፣ መንገዱ ግን ሌላ ነው። እዚህ የምንጠይቀው ሰዎች ምን አደረጉ፣ ምን ጻፉ፣ ለምን ብለው የሚለውን ነው። የራሳችሁን እምነት የምታጠኑ ከሆነ ለእናንተ ግልጽ የሆነው ነገር ለሌላው ግልጽ ስላልሆነ፣ ረቂቁን ከእምነታችሁ ውጭ ላለ ጓደኛ አስነብቡት። የሌላውን የምታጠኑ ከሆነ ደግሞ አማኙ ቢያነበው፣ በትንታኔያችሁ ባይስማማ እንኳ «አዎ፣ እኛ የምናደርገው ይህንኑ ነው» ማለት መቻል አለበት።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ንድፈ ሐሳብ ላይ ነው። ስለ ሃይማኖት ንድፈ ሐሳብ የጻፉትን ምሁራን፣ ዱርካይምን፣ ዌበርን፣ ኦቶን፣ ምዕራፍ ሁለት ላይ ይደረድራቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ስማቸው አይነሳም። አንድ ይበቃል፤ ግን አሠሩት። ኤሚል ዱርካይም በ1912 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ቅዱስ ነገር ማለት የተለየና የተከለለ ነገር ነው፣ ሰዎችንም በአንድ ማኅበረሰብ ያስተሳስራል ይላል። ይህን በቁምራኑ ደንብ ላይ ሞክሩት። ጉባኤው ራሱ ቅዱስ ስለሆነ እንቅልፍና ሳቅ ያቃልሉታል ብትሉ ያስኬዳል። ግን እዚያው ጥቅልል መጨረሻ ላይ፣ እግዚአብሔር ጉባኤያቸውን ከሰማይ ልጆች፣ ማለትም ከመላእክት፣ ጋር እንዳጣመረ የሚናገር መዝሙር አለ። ዱርካይም ከቅዱሱ ጀርባ ያለው ማኅበረሰቡ ራሱ ነው ይላል፣ የማኅበሩ ሰዎች ደግሞ ሰማያውያን አብረውን አሉ ይላሉ። ሁለቱ የማይገጥሙበት ቦታ ላይ ስትደርሱ አትደንግጡ፣ ንድፈ ሐሳቡን ለማዳን ብላችሁም መዝሙሩን አትዝለሉት፤ የጽሑፋችሁ ዋና ነገር ያለው እዚያ ነው።

ዋናውን ቋንቋ ካላወቃችሁ ቢያንስ ሁለት ትርጉሞች ጎን ለጎን አንብቡ። የሚለያዩበትን ቃል አስምሩበትና አማካሪያችሁን ጠይቁ። የየትኛው ቅጂ ትርጉም እንደሆነም ጻፉ። የዚህ የቁምራን ደንብ ሌሎች ቅጂዎች እዚያው ቁምራን፣ ዋሻ 4 በሚባለው ውስጥ ተገኝተዋል፣ በሁሉም ላይ ያለው ቃል ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ጥናታችሁ ቃለ መጠይቅ ካለበት፣ ዩኒቨርሲቲያችሁ የሚጠይቀውን የሥነ ምግባር ፈቃድ ቀድማችሁ አውጡ። ጊዜ ይወስዳል፣ ያለ ፈቃድ የሰበሰባችሁትንም መጠቀም ላትችሉ ትችላላችሁ።

መጻፍ ስትጀምሩ መግቢያውን ተዉት። ግራ ያጋባችሁን መስመር ከወረቀቱ አናት ላይ ገልብጡና፣ ሳታሳምሩ፣ እያንዳንዱ ቃል ምን እንደሚል በሁለት ገጽ ለማስረዳት ሞክሩ። ያንን ለአማካሪያችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከሰፊ ርዕስ ይልቅ በሁለቱ ገጽ ላይ ብዙ የምታወሩት ይኖራችኋል። መግቢያው ምን እንዳገኛችሁ ካወቃችሁ በኋላ፣ በመጨረሻ ይጻፋል።