ባለአንድ ክክ ዕፅዋትን ቤተሰብ ከአበባቸው ውስጥ መለየት

አንድ ተክል ባለአንድ ክክ፣ ማለትም ዘሩ አንድ የዘር ቅጠል ብቻ ያለው፣ መሆኑን ማወቅ ብዙ ጊዜ አይከብድም፤ የአበባው ክፍሎች በሦስት ወይም በሦስት ብዜት ይቆጠራሉ፣ የቅጠሉ ጅማቶችም አብዛኛውን ጊዜ ጎን ለጎን ይወርዳሉ። የሚከብደው ቤተሰቡን መለየት ነው። ጀማሪ ዓይኑን በቀለም ላይ ይጥላል፤ ቀለም ግን የማይታመን ምስክር ነው። ይልቅ የዘሩ ማኅደር (ዘር የሚያፈራው የሴቴው ክፍል) የት እንደተቀመጠና ወንዴዎቹ (ብናኝ የሚሰጡት ክፍሎች) ስንት እንደሆኑ መመልከት ይገባል።

ለሥራው አዲስ ምላጭ፣ መርፌና አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ ይበቃሉ። አበባው ጠዋት፣ ፀሐይ ሳያጠወልገው ይቆረጥ።

ለመጀመሪያ ልምምድ ከሽንኩርት የተሻለ የለም። ከጎንደር ገበያ የተገዛና ማጀት ውስጥ ያቆጠቆጠ ቀይ ሽንኩርት ጓሮ ቢተከልና ቢያብብ፣ በአንድ ስስ ሽፋን ተጠቅልሎ የነበረ የአበባ ጥቅል ከአንድ ነጥብ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ሲዘረጋ ይታያል። አንዱን አበባ ከላይ ወደ ታች ለሁለት ይሰንጥቁት፤ ስድስት የአበባ ቅጠሎችና ስድስት ወንዴዎች ከዘሩ ማኅደር ሥር ተነሥተው ይገኛሉ፤ ማኅደሩ ከእነርሱ በላይ ነው ማለት ነው። ሌላውን አበባ ደግሞ አግድም ይቁረጡና ሦስቱን ክፍሎች ይመልከቱ፤ ክፍሎቹን በሚለዩት ግድግዳዎች ውስጥ የአበባ ማር የሚያመነጩ እጢዎች አሉ፣ ይህም በብዙ ባለአንድ ክክ ዕፅዋት የሚገኝ ምልክት ነው።

አሁን በግቢ የሚተከለውን አማሪሊስ ይሰንጥቁ። ወንዴዎቹ እዚህም ስድስት ናቸው፤ ማኅደሩ ግን ከአበባ ቅጠሎቹ በታች እንደ አረንጓዴ እብጠት ተቀምጧል። ቀድሞ ብዙዎች በዚህ ልዩነት ምክንያት ሽንኩርትን ከሊሊ ጋር ይመድቡት ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የዘረመል መረጃን የተከተለ አመዳደብ ግን ሽንኩርትንና አማሪሊስን በአንድ ቤተሰብ አጠቃሏቸዋል። ስለዚህ የማኅደሩ ቦታ ብቻውን አይፈርድም፤ የጃንጥላው ቅርጽና የስሱ ሽፋን ምስክርነት አብሮ ይደመጥ። እሬትና በሰሜን ተራሮች ቁልቁለት የሚታየው ክኒፎፊያም ስድስት ወንዴና ከፍ ያለ ማኅደር ቢኖራቸውም፣ አበቦቻቸው በጃንጥላ ሳይሆን በረጅም ዘንግ ላይ ስለሚደረደሩ ከሽንኩርት ይለያሉ።

የወንዴ ቁጥር ከስድስት ሲቀንስ መለየቱ ይቀልላል። በግላዲዮለስ ማኅደሩ ከታች ሆኖ ወንዴዎቹ ሦስት ብቻ ከሆኑ የአይሪስ ቤተሰብ ነው ማለት ይቻላል። ካና ግን ብዙ ተማሪ ያሳስታል፤ ሰፊና ቀይ ሆነው የሚያምሩት ክፍሎች መካን የሆኑ ወንዴዎች እንጂ እውነተኛ የአበባ ቅጠሎች አይደሉም። እውነተኞቹ ከሥራቸው ያሉት ጠባቦቹ ሦስት ናቸው፤ ብናኝ የሚሰጠው ደግሞ በአንዱ ጠርዝ ላይ ግማሽ ከረጢት የያዘው ወንዴ ብቻ ነው። የዝንጅብል ቤተሰብ ግን አንድ ሙሉ ከረጢት አለው፣ የሴቴዋም ዘንግ በሁለቱ ክፍሎቹ መካከል ታልፋለች።

ነጭ ካላ ሊሊ ሌላ ማታለያ ነው፤ ነጩ ሽፋን ልዩ ቅጠል ሲሆን፣ እውነተኞቹ አበቦች በመካከሉ ባለው ቢጫ ዘንግ ላይ የተጠጋጉት ጥቃቅን ናቸው። ሳይንሳዊ ስሙ ኤትዮፒካ ቢባልም የትውልድ አገሩ ደቡባዊ አፍሪካ ነው፤ ይህ ሲነገራቸው የሚያዝኑ አይጠፉም።

ኦርኪድ ሲገኝ መቁረጥ አያስፈልግም። ወንዴውና ሴቴው ተዋህደው አንድ ዓምድ ይሆናሉ፣ ብናኙም ዱቄት ሳይሆን እንደ ሰም የተጣበቀ እንክብል ነው፤ ይህን ለማየት ሌንስ ብቻ ይበቃል። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ምንም አበባ አይቀጠፍ።

ሣርና ቄጤማ በመጨረሻ ይምጡ። ለቡና የሚጎዘጎዘውን ቄጤማ ግንድ አግድም ሲቆርጡት ብዙ ጊዜ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፤ እያንዳንዱ ትንሽ አበባም በአንድ ቅርፊት ሥር ይቀመጣል። የሣር አበባ ግን በሁለት ቅርፊቶች መካከል ይዘጋል፣ በውስጡም ሲያብጡ ቅርፊቶቹን የሚከፍቱ ጥቃቅን እብጠቶች፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ወንዴዎችና እንደ ላባ የተበታተኑ ሁለት የሴቴ ጫፎች አሉ። ይህን በገብስ ይለማመዱ፤ የጤፍ አበባን ለመክፈት መርፌውን የያዘ እጅ መንቀጥቀጥ ማቆም አለበት።