መዳብና አልሙኒየም በአልትራሳውንድ ስትበይዱ ለምን ይላቀቅባችኋል?

የማወራው መዳቡ ከታች፣ አልሙኒየሙ ከላይ ሆኖ በ20 ኪሎኸርዝ ማሽን ስለሚበየድ የባትሪ ታብ ነው፤ ታብ ማለት ከባትሪው ኤሌክትሪክ የሚያወጣው ስስ የብረታ ብረት ምላስ ነው።

ምልክቱ፦ በፒንሳ ስትልጡት አልሙኒየሙ ምንም ሳይተው ከመዳቡ ይነሳል። ጥሩ ብየዳ ቢሆን አልሙኒየሙ ራሱ ተቀዶ ቁራጩ መዳቡ ላይ ይቀር ነበር።

ምክንያቱ፦ እኔ ጋ ደጋግሞ የሚመጣው የሶኖትሮዱ (ከላይ ተጭኖ የሚንቀጠቀጠው የማሽኑ ጫፍ) ጥርስ ነው። ይህ ብየዳ አያቀልጥም። ጥርሱ አልሙኒየሙን ነክሶ በሰከንድ 20,000 ጊዜ መዳቡ ላይ ይፈትገዋል። ፍትጊያው የኦክሳይዱን ሽፋን ይሰብርና ንጹሕ ከንጹሕ ይገናኛል። አልሙኒየም ግን አረብ ብረት ላይ መለጠፍ ይወዳል። ቀስ በቀስ በጥርሶቹ መሃል ይሞላል። ያኔ ጥርሱ መንከሱን ትቶ ይንሸራተታል፤ ጉልበቱም ላይ ላዩን ያልቃል።

አንድ ጊዜ በዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ተንገላተናል። የፈረቃው ልጆች ብየዳው በላላ ቁጥር ጁሉን (ማሽኑ ላይ የሚሞላውን የብየዳ ጉልበት) ይጨምራሉ። ትንሽ ያዝ ያደርግና መልሶ ይለቃል። በመጨረሻ አልሙኒየሙ ሳስቶ ዳር ዳሩን መሰንጠቅ ጀመረ። ፈትቼ በማጉያ መነጽር ሳየው ጥርስ የሚባል የለም፤ ልሙጥ ሆኗል። ያ ሁሉ የተጣለ ታብ እስካሁን ያናድደኛል። እባካችሁ ቁጥር ከመንካታችሁ በፊት ጥርሱን እዩ! ጁሉ ጨምሮ ሙቀት ሲበዛ ደግሞ በመዳቡና በአልሙኒየሙ መሃል ተሰባሪ ውህድ ይፈጠራል። አልሙኒየም ብቻውን እስከ 660 ዲግሪ ይችላል፤ ከመዳብ ጋር ሲደባለቅ ግን 548 ላይ መቅለጥ ይጀምራል።

መፍትሄው፦ የአረብ ብረት ሶኖትሮድ ከሆነ ፍቱትና ጥርሱን ብቻ ኮስቲክ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ንከሩት። አልሙኒየሙን በልቶ ብረቱን ይተወዋል። ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው። ሶዳውን ውሃው ላይ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ሶዳው ላይ አታፍስሱ። ሃይድሮጅን ስለሚወጣ አየር ያለበት ቦታ ሁኑ፤ እሳት አይቅረብ። በሞረድ የሚፍቁ አሉ፤ ጥርሱን ጨርሰው ይገድሉታል። ጫፉ ከዶለዶመ መለወጥ ብቻ ነው። ባልጠነከረ ብረት የተሠራውን ርካሽ ሶኖትሮድ አትግዙ። የታችኛውን አንቪልም አትርሱ፤ መዳቡን የሚይዘው እሱ ነው።

አንድ ጎን ብቻ ከያዘ፦ ሶኖትሮዱና አንቪሉ ትይዩ አይደሉም። ካርቦን ወረቀት አስጨምቃችሁ አሻራውን እዩ።

አዲሱ ብየዳ የቀድሞውን ካላላ፦ ታቡ አብሮ እየተንቀጠቀጠ ነው። በሁለቱ ብየዳዎች መሃል ታቡን እሰሩት።

የጣት ቅባት ካለ፦ በአልኮል ጥረጉ።

ጥርሱ ሲጸዳ ጁሉን ወደ ድሮው መልሱት። የጨመራችሁት እንዳለ ከቀረ የመጀመሪያው ታብ ይበሳል።