ትንፋሽ ያጠረውን ሕመምተኛ እንዴት እናስቀምጠው? እንዴትስ እናስተኛው?

ከደላንታ ወይም ከላስታ ተራራማ ቀበሌዎች ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርድ፣ መኪና በማይገባበት ቦታ ሁሉ የሚጓዘው የቅሬው (የዕድሩ) ጎልማሶች እየተፈራረቁ በሚሸከሙት ቃሬዛ ነው። ቃሬዛ እግሩ ለተሰበረ ሰው ደግ መጓጓዣ ነው፤ በሳንባ ምች ደረቱ ለታፈነ ሰው ግን በጀርባው ተንጋሎና በጋቢ ተጠቅልሎ ረጅም መንገድ መጓዝ ሕመሙን ያብስበታል። ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው፤ «ትንሽ ይረፍ» ተብሎ በመደቡ ላይ ይንጋለላል፤ እርሱ ቀና ሊል በታገለ ቁጥር አስታማሚው መልሶ ያስተኛዋል። ሕመምተኛው ግን ቀና ለማለት የሚታገለው ሰውነቱ የሚሻለውን ስላወቀ ነውና ሊታገዝ እንጂ ሊከለከል አይገባም።

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የሰውነት አቀማመጥ ኦክስጅንንና መድኃኒትን አይተካም፤ ወደ ሕክምና እስኪደረስ ጊዜ ይሰጣል፣ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላም ያግዛል። አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ ከሆነ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከጠቆረ፣ ግራ ከተጋባ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ የሚቀጥሉት አንቀጾች የሚያገለግሉት አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው።

በጀርባ መተኛት የሚጎዳበት ምክንያት ቀላል ነው። የሳንባ ብዙው ክፍል የሚገኘው በጀርባ በኩል ነው። ሰው ሲንጋለል ልቡና ከፊት ያለው የሳንባ ክፍል በኋለኛው ላይ ይጫናሉ፤ የሆድ ዕቃውም ደረትንና ሆድን የሚለየውን ድያፍራም የተባለ ጡንቻ ወደ ደረት ይገፋዋል። ጤነኛ ሳንባ ይህን ጫና ይችለዋል። በኢንፌክሽን ያበጠና ፈሳሽ የቋጠረ ሳንባ ግን ስለሚከብድ በኋላ በኩል ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ተጨፍልቀው ይዘጋሉ፤ ደሙ ደግሞ አብዝቶ የሚሄደው ወደዚያው ወደ ተዘጋው ክፍል በመሆኑ ኦክስጅን ሳይቀበል ይመለሳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ሕመምተኛውን ከወገቡ ጀምሮ ቀና ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ስህተት ሁለትና ሦስት ትራስ ከጭንቅላት ሥር ብቻ መደራረብ ነው፤ ይህ አንገትን አጥፎ አገጭን ከደረት ያጣብቃል፣ የአየር መንገዱንም ያጠብባል። ድጋፉ ከወገብ መጀመር አለበት። የሆስፒታል አልጋ በሌለበት ቤት በእህል የተሞላ ጆንያ ከግድግዳው ጋር አስደግፎ በላዩ አጎዛና የታጠፈ ባና ማንጠፍ በቂ ነው፤ ሕመምተኛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያህል፣ ማለትም በመጋደምና በመቀመጥ መካከል ሆኖ ይደገፋል። ከጉልበቱ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ ካልገባለት ቀስ በቀስ ወደ ታች ይንሸራተትና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ተንጋሎ ይገኛል።

ትንፋሹ ይበልጥ ሲያጥር ወደ ፊት ማዘንበል ይረዳዋል። በአልጋው ጫፍ ወይም በበርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን መሬት አስረግጦ፣ ክርኖቹን በጉልበቶቹ ወይም ከፊቱ ባለ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ትራስ ያሳርፋል። ክንዶቹ ሲያርፉ የትከሻና የአንገት ጡንቻዎች ደረትን ለማንሳት ነጻ ይሆናሉ። ይህ አቀማመጥ ለነፍሰ ጡርም ይስማማል፤ ሆኖም ደክሞት ሊወድቅ የሚችልን ሰው ብቻውን እንዲህ አስቀምጦ መሄድ አይገባም።

በደረት መተኛት ሰፊ ማብራሪያ የሚፈልግ ጉዳይ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመና በፈረንሳይና በስፔን የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በ466 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩ ከባድ ሕመምተኞች መካከል በአንድ ዙር ቢያንስ 16 ሰዓት በደረታቸው ከተኙት በ28 ቀናት ውስጥ የሞቱት 16 በመቶ ሲሆኑ፣ በጀርባቸው ከቆዩት ግን 32.8 በመቶ እንደነበሩ አሳይቷል። በኮቪድ ወቅት ደግሞ ማሽን ላይ ያልገቡ፣ ነቅተው ኦክስጅን የሚወስዱ ሕመምተኞች በደረታቸው እንዲተኙ ተደረገ፤ በስድስት አገሮች የተካሄደውና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ማሽን የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር እንደሚቀንስ አሳየ፣ በሞት ረገድ ግን ግልጽ ልዩነት አላሳየም። እኔ ከእነዚህ ሁለት ውጤቶች የምወስደው፣ ነገሩ በእርግጥ የሚሠራ ቢሆንም ቤት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት መገልበጥን ከሆስፒታሉ ሕክምና ጋር አንድ አድርጎ ማየት ስህተት መሆኑን ነው።

አፈጻጸሙ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው ከበላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆያል፤ ሽንቱንም ይሸናል። በአንገቱ ያለው ማተብ ወይም ክታብ ደረቱን እንዳይጫነው ወደ ጀርባው ይዞርለታል፤ አውልቅ ብሎ ከእርሱ ጋር መከራከር ለምንም አይጠቅምም። አንድ ስስ ትራስ ከላይኛው ደረቱ፣ ሌላ ከዳሌው ሥር ይደረጋል፤ ዋናው ዓላማ ሆዱ በመካከል ነጻ ሆኖ እንዲንቀሳቀስ ነው፤ ወፍራም ሰው በደረቱ ሲተኛ የሚጨነቀውም ብዙ ጊዜ ይህ ስለሚዘነጋ ነው። ሦስተኛው ከቅልጥሙ ሥር ገብቶ የእግር ጣቶቹን ከፍራሹ ያነሳለታል። ፊቱ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፤ ፊቱ የዞረበት ክንድ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ሌላው በጎኑ ይዘረጋል፤ አንገትና ትከሻ እንዳይደነዝዝ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ይቀየራል። ኦክስጅን የሚወስድ ከሆነ ቱቦው እንዳይታጠፍ ወይም ከሰውነቱ ሥር እንዳይገባ መታየት አለበት። ነቅቶ ያለ ሰው ራሱ ቢገለበጥ ይመረጣል፤ የአስታማሚው ሥራ «አብሽሩ አባባ፣ ቀስ ብለው ይዙሩ፣ ትራሱን እኔ ይዤዋለሁ» እያለ መደገፍ ነው።

በደረት ተደፍቶ መተኛት የሚጠላ ነገር ነው እየተባሉ ያደጉ አባቶችና እናቶች በመጀመሪያ እምቢ ሊሉ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ሰው በግድ ከመገልበጥ፣ ይህ እንደ መድኃኒት የታዘዘና በሰዓት የተወሰነ መሆኑን በትዕግሥት ማስረዳት ይሻላል፤ ከዚያም በጎን ተጀምሮ፣ ትራስ አቅፎ ሦስት አራተኛ ያህል ወደ ደረቱ እንዲያዘነብል ይደረጋል። ለብዙዎች ይህ አቋራጭ ከሙሉው ይልቅ ይመቻቸዋል።

ከ30 ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት በደረት፣ ከዚያ በቀኝ ጎን፣ ከዚያ ተደግፎ መቀመጥ፣ ከዚያ በግራ ጎን፣ ከዚያም ተመልሶ በደረት ማዞር የተለመደ ቅደም ተከተል ነው። ከእያንዳንዱ ለውጥ 15 ደቂቃ በኋላ አተነፋፈሱ ይቆጠራል። ከባሰበት ወይም ካስመለሰው ወዲያው ቀና ይደረጋል። ራሱን የሳተ ወይም የተደናገረ፣ የአከርካሪ ጉዳት ያለበት፣ በቅርቡ ሆዱን ወይም ደረቱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ እንዲሁም እርግዝናዋ የገፋ ሴት ቤት ውስጥ በደረት አይተኙም። እርግዝናዋ ከ20 ሳምንት ያለፈ ሴት በጀርባዋ ከመንጋለል ይልቅ በግራ ጎኗ ትተኛ፤ ማኅፀኑ ትልቁን የደም ሥር ሲጫን ለእናቲቱም ለፅንሱም የሚደርሰው ደም ይቀንሳልና።

ሕመሙ በአንድ ሳንባ ብቻ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ፣ አዋቂ ሰው ደህናው ሳንባ ከታች ሆኖ በጎን ቢተኛ ይሻለዋል፤ ደም ወደ ታች አብዝቶ ስለሚሄድ ከደህናው ሳንባ አየር ያገኛል። ደም የሚያስለው ከሆነ ግን ደሙ ወደ ደህናው ሳንባ እንዳይፈስ የታመመው ጎን ከታች ይሁን። ጨቅላ ሕፃን በዚህ ሕግ አይመራም፤ ያለ ክትትል በደረቱ ማስተኛትም አደገኛ ነው። ሕፃኑን ራሱን በትንሹ ቀና አድርጎ ማቀፍ፣ አንገቱ እንዳይታጠፍና ወደ ኋላም እንዳይለጠጥ መጠበቅ ይበቃል። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን በደቂቃ 60፣ ከሁለት እስከ 11 ወር ያለ 50፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ጡት ወይም ውኃ እምቢ ካለ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ አቀማመጡን በማስተካከል ጊዜ መግደል አይገባም።

በጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ ካለ ይጠቅማል፤ አነባበቡን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆኑ፣ ጤነኛ ሰው እንኳ ደሴ ላይ ሲለካ ቁጥሩ ከኮምቦልቻው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ወደ ደላንታ ደጋ ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ሆኖም ከ90 በመቶ በታች የሆነን የኦክስጅን ቁጥር «የደጋ ነገር ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። በጥቁር ሂና የተቀባ ጥፍርና የቀዘቀዘ እጅ ንባቡን ሊያዛቡ ይችላሉ፤ እጅን አሙቆ ባልተቀባ ጣት መለካት ነው።

በመጓጓዣም ያው ሕግ ይሠራል። በቃሬዛ ላይ ከወገቡ ጀምሮ ቀና እንዲል በጀርባው የታጠፈ ብርድ ልብስ ወይም ግማሽ የተሞላ ጆንያ ይደረግለታል፤ ዳገት ሲወጣ ጭንቅላቱ ከፊት፣ ቁልቁለት ሲወረድ እግሩ ከፊት ይሁን፤ አለዚያ ደረቱ ከእግሩ በታች ይውላል። ባጃጅ ውስጥ ከሆነ አንድ ሰው ከጎኑ ተቀምጦ በትከሻው ይደግፈው እንጂ ጭኑ ላይ አያንጋለው። ራሱን የሳተ ግን ትውከት እንዳያንቀው በጎኑ ተጋድሞ ይጓዛል።

ጠያቂ በበዛበት ቤት ደግሞ አስታማሚው ደፍሮ መናገር ያለበት ነገር አለ። ዱአውም ጸሎቱም ይደረግ፤ ቡናው ግን በሌላ ክፍል ይፈላ፤ የእጣኑና የከሰሉ ጭስ የታመመ ሳንባን ይጎዳልና። መስኮቱ ይከፈት፣ አስታማሚውም ማስክ ያድርግ። በእያንዳንዱ ለውጥ ጊዜ ሰዓቱ፣ የአተነፋፈሱ ቁጥርና የመለኪያው ንባብ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ጤና ጣቢያ ሲደረስ ወረቀቱ ሕመምተኛውን ለተቀበለው ባለሙያ ይሰጣል።