ሕግ ለመማር ከደሴ መውጣት፦ ከመወሰናችሁ በፊት የሚታረሙ ስህተቶች

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን፣ ሕግ መማር የሚፈልግ ልጅ ባለበት የደሴና የኮምቦልቻ ቤት ሁሉ አንድ ክርክር ይነሳል። እዚሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይማር ወይስ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ወይም ሐዋሳ ይሂድ? የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ አምስት ዓመት ይወስዳል። ተሳስቶ የመረጠ ልጅ ስህተቱን ይዞ የሚቆየው ያን ያህል ጊዜ ነው። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በአንድ ምሽት፣ ቡና ላይ፣ በአጎት ምክር ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልናገር።

«ዩኒቨርሲቲው ከደረሰኝ ሕግ ደረሰኝ»

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ የሚሰጣችሁ ዩኒቨርሲቲ ነው እንጂ የሕግ ትምህርት ቤት ወንበር አይደለም። በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ትገባላችሁ፣ የፍሬሽማን ኮርሶችን ትወስዳላችሁ፣ ከዚያ በውጤታችሁ ትወዳደራላችሁ። ሕግ ደግሞ ብዙ ልጅ የሚሻማበት ክፍል ነው። አንድ ተማሪ ጓዙን ጠቅልሎ መቶዎች ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ሕግ ሳይደርሰው ቀርቶ፣ ፈጽሞ ያላሰበውን ትምህርት ሲማር ሊያገኘው ይችላል።

ስለዚህ የምትመርጡትን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ነገር ጠይቁ። ሕግ በዓመት ስንት ተማሪ ይቀበላል? የሚመርጠውስ በምን መስፈርት ነው? ሦስተኛውን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሕግ ባይደርሰኝ እዚያ ቆይቼ የምማረው ሁለተኛ ምርጫ አለኝ? መልሱ «የለኝም» ከሆነ ርቆ መሄዱ ከባድ ቁማር ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የምታስቡ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና እንደሚሰጥ አትርሱ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን አያስገባም። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕግ ትምህርት ቤቱ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነውና ፉክክሩ ቀላል አይሆንም።

«ኮምቦልቻም ካምፓስ አለ፣ ከቤቴ እመላለሳለሁ»

ኮምቦልቻ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ሕግ የሚሰጠው ደሴ ነው። ለኮምቦልቻ ልጅ እንግዲህ እዚሁ ቢቀርም የመኖሪያ ጥያቄው አይቀርለትም። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አጭር ይመስላል። ነገር ግን በመካከሉ ያለውን የሐረጎን ዳገት በክረምት ጉም ውስጥ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ሲመሽ ደግሞ ሚኒባስ እየሳሳ ይሄዳል። የሕግ ትምህርት በክፍል ሰዓት አያልቅም፤ ዋናው ሥራ ማታ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚነበበው ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለታክሲ የሚሮጥ ልጅ ያን ንባብ ያጣል። ዶርም ካገኛችሁ ዶርም ያዙ፣ እናታችሁን ቅዳሜና እሁድ ትጠይቃላችሁ።

«ትልቅ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል»

ስም ዋጋ የለውም አልልም። ነገር ግን የትም ብትማሩ የምታነቡት የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ 3367 አንቀጾቹ ደሴም ሐዋሳም አንድ ናቸው። የወንጀል ሕጉም የ1996ቱ ነው። የመውጫ ፈተናውም አገር አቀፍ ነው፤ ሌሎቹ ትምህርቶች በ2015 ዓ.ም. ሲጀምሩት የሕግ ተማሪዎች ከዓመታት በፊት ለምደውት ነበር። 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይዝም። ስለ አንድ የሕግ ትምህርት ቤት ጥንካሬ ከስሙ ይልቅ የሚነግራችሁ ተፈታኞቹ በመጀመሪያው ሙከራ ምን ያህል እንዳለፉ ነው። ይህን ከመምህራኑም፣ ከአምስተኛ ዓመት ተማሪዎችም ጠይቃችሁ አመሳክሩ።

ቀጥሎ የሚታየው የክፍሉ ዙሪያ ነው። ሕግ ተማሪ የሚበስለው ችሎት ሲያይ ነው። ደሴ ላይ የወረዳ ፍርድ ቤት አለ፣ የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለ፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎትም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የፈቀደውን የሸሪዓ ፍርድ ቤት በሥራ ላይ ለማየት ከወሎ የተሻለ ቦታ መፈለግ አያሻም። ገጠር ስትወጡ አበጋሮች፣ ማለትም የወሎ ባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ደም ሲያደርቁ፣ የተጣላ ሲያስታርቁ ታገኛላችሁ። አንድ ጉዳይ መደበኛ ፍርድ ቤት፣ ሸሪዓና ሽማግሌ ፊት እንዴት እንደሚለያይ ማየት ትልቅ ትምህርት ነው፤ እዚህ ያደጉ ልጆች ይህን ሀብት ሳያዩት ሲያልፉ ያሳዝነኛል። የቤተሰብና የገጠር መሬት ሕግ ደግሞ በየክልሉ ይለያያል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 79/1995 ነው፣ የመሬቱ 252/2009። ተመልሳችሁ ወሎ ውስጥ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ጠበቃ መሆን የምትፈልጉ ከሆነ በየቀኑ የሚገጥማችሁ የውርስና የመሬት ጉዳይ ነው፤ እዚሁ መማር ያተርፋችኋል ብዬ አምናለሁ።

የኩባንያ፣ የባንክ፣ የግልግል ዳኝነት ወይም የዓለም አቀፍ ሕግ የሚያጓጓችሁ ከሆነ ግን ምክሬ ሌላ ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከመጀመሪያ ደረጃ እስከ ሰበር (በመጨረሻ ፍርድ ላይ ያለ የሕግ ስህተት የሚታረምበት ችሎት)፣ የፍትሕ ሚኒስቴር፣ ትልልቆቹ ድርጅቶችና የሕግ ቢሮዎች ያሉት አዲስ አበባ ነው። የሰበር ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ክልል ያለን ፍርድ ቤት ያስገድዳል፤ ያ ክርክር ሲካሄድ ገብቶ መስማት ለተማሪ ብርቅ ዕድል ነው። ለዚህ ስትሉ 400 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ አላዝንባችሁም። ዝም ብሎ «አዲስ አበባ ተማረ» ለመባል ከሆነ ግን እዚሁ ቅሩ።

የችሎቱን ቋንቋ መርሳት

ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፍርድ ቤት ግን የክልሉን የሥራ ቋንቋ ይጠቀማል። አማርኛ ብቻ የሚችል የደሴ ልጅ ጅማ ወይም ሐረማያ ቢመደብ ክፍል ውስጥ አይቸገርም። ችሎት ሲገባ ግን ክርክሩ በአፋን ኦሮሞ ነው። ኤክስተርንሺፑን፣ ማለትም ተማሪው ፍርድ ቤትና መሰል ቦታ የሚያደርገውን የተግባር ልምምድ፣ አገሩ መጥቶ መሥራት ይፈቀድለት እንደሆነ ቀድሞ ይጠይቅ። በተቃራኒው ቋንቋውን የሚችል ወይም ለመልመድ የቆረጠ ልጅ ሁለት በር ይከፈትለታል፤ ለዚህ ደግሞ ሩቅ ማየት አያስፈልግም፣ ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ ከሚሴ ያለው ፍርድ ቤት በአፋን ኦሮሞ ይሠራል።

ወጪውን በክፍያ ብቻ መለካት

በመንግሥት ምደባ የገባ ተማሪ አሁን ባይከፍልም የምግብ፣ የመኝታና የትምህርት ድርሻው በወጪ መጋራት ውል ተመዝግቦ ከምረቃ በኋላ ይጠየቃል። ከቤት እየተመላለሳችሁ የምትማሩ ከሆነ ምን እንደሚመዘገብባችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። በግል ከፍላችሁ የምትማሩ ደግሞ ዶርም ላይ አትቁጠሩ፤ ኪራይና ምግብ ለአምስት ዓመት አስሉ። «አክስቱ ቤት ይቀመጣል» የሚለው ስሌት ለአንድ ዓመት ይሠራል፤ ለአምስት ዓመት ግን አክስትየዋን ራሷን በግልጽ ማናገር ይገባል። የግል ኮሌጅ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው በፕሮግራምና በካምፓስ ነው። ኮሌጁ ሌላ ከተማ ያለው ፈቃድ እናንተ ለምትማሩበት ቅርንጫፍ አይሠራም።

በሰው አፍ መወሰን

ሁለት ዓይነት ቤት አለ። አንዱ «ወንድ ልጅ ከቤት ካልራቀ ሰው አይሆንም» ብሎ ልጁን ይገፋል። ሌላው «ሴት ልጅ ብቻዋን የት ትሄዳለች?» ብሎ ያስቀራል። ሁለቱም ስለ ሕግ ትምህርቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። ወላጆች፣ የምትፈሩትን ነገር በስሙ ጥሩት። ፍርሃታችሁ የመኝታዋ ደኅንነት ከሆነ ስለ ሴቶች ዶርም፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ መዝጊያ ሰዓት ጠይቁ፣ እዚያ የምትማር የአገር ልጅ ፈልጋችሁ አናግሩ። ፍርሃታችሁ ገንዘብ ከሆነ ለልጃችሁ ግልጹን ንገሩት፣ ይረዳችኋል። «አባባ ምን ይለኛል» ብሎ ዝም ያለ ልጅ ርቆ ሄዶ ሲቸገርም ዝም ይላል።

ተማሪዎችም የተመራቂ ወሬ ስትሰሙ ዓመቱን ጠይቁ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ክፉኛ ተዘርፎ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ወዲያው በኋላ የተማረ ሰው የሚነግራችሁ የዛሬውን ቤተ መጻሕፍት አይገልጽም። ደሴ ያላችሁ አንድ ቀን ገብታችሁ እዩት። በዚያው ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጎራ በሉና አንድ ክርክር አዳምጡ፤ ከተለየ ጉዳይ በቀር ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ መስማት የሰለቸው ልጅ፣ ከየት ልማር ከማለቱ በፊት ሕግ ልማር ወይ የሚለውን ቢያስብ ይሻለዋል።

መንገዱን አለመቁጠር

በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ የሚዘገይበት ጊዜ እንዳለ አይተናል። ርቆ የሚሄድ ልጅ ለበዓል መምጣት ባይችል የት እንደሚቆይ፣ ገንዘብ በምን እንደሚላክለት ከመሄዱ በፊት ይነጋገሩ።

«ካልተመቸኝ እዛወራለሁ»

ዝውውርን ዕቅድ አታድርጉት። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ቦታ ሊኖረው፣ ምክንያታችሁን ሊቀበል፣ የወሰዳችኋቸውን ኮርሶች ከራሱ ጋር ሊያመዛዝን ይገባል። ሕግ ውስጥ ኮርሶቹ ተያያዥ ስለሆኑ አንድ ያልተጣጣመ ኮርስ ዓመት ሊያስደግም ይችላል። የምርጫ ቅጹን ስትሞሉ አንደኛ ያደረጋችሁት ቦታ አምስቱንም ዓመት የምትቆዩበት ነው ብላችሁ ሙሉት፤ ቅጹን ደግሞ ኢንተርኔት ቤት ላለ ልጅ ትታችሁ አትሂዱ፣ ራሳችሁ ሞልታችሁ የምርጫውን ቅደም ተከተል አረጋግጡ።