ኒውስግሩፕ አልገባ ሲላችሁ፦ ችግሩና መፍትሄው

ዩዝኔት፣ ማለትም ሰዎች ኒውስግሩፕ በሚባሉ በርዕስ የተከፋፈሉ ቡድኖች መልእክት የሚለዋወጡበት መረብ፣ ዛሬም አለ። በፈረንጆቹ 1979 ዱክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ የሚባሉ ተማሪዎች ጠነሰሱት፣ በ1980 ሥራ ጀመረ። ያኔ ኮምፒውተሮቹ በስልክ ይደዋወሉ፣ የተጠራቀመውን መልእክት ይቀባበሉና መስመሩን ይዘጉ ነበር። ነገሩ ከመሠረቱ ሌት ተቀን ክፍት የሆነ ኔት አይጠይቅም። ባህር ዳር ቁጭ ብሎ አንዴ መብራት፣ አንዴ ኔትወርክ ለሚሄድበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ መግቢያ መንገድ ስትመርጡ ከሁሉ በፊት "ኔት ሲጠፋ በእጄ ምን ይቀራል?" ብላችሁ ጠይቁ።

የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፖሊም የፔዳም ግቢ ተማሪዎች ደጋግመው የሚገጥሟቸውን ችግሮች ከነመንስኤያቸው እነሆ።

በብራውዘር ይከፈታል፣ አዲስ ነገር ግን የለም

ጉግል ግሩፕስ ገብታችሁ ስለ ሲ ፕሮግራሚንግ የሚወራበትን "ኮምፕ ነጥብ ላንግ ነጥብ ሲ" አገኛችሁ እንበል። መልእክቶቹ ፌብሩዋሪ 2024 ላይ ቆመዋል። ቡድኑ የሞተ ይመስላል፤ አልሞተም። ጉግል ከፌብሩዋሪ 22 ቀን 2024 ጀምሮ አዲስ የዩዝኔት መልእክት መቀበልም መላክም አቁሟል። የድሮው ማህደር ግን አለ፣ በ2001 ዴጃ ከሚባለው የዩዝኔት ማህደር ድርጅት የገዛው ክምችት ጭምር። ለፍለጋ ተጠቀሙበት። ለውይይት ሌላ በር ያስፈልጋችኋል።

በዚያ በር ለመግባት ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ አንድ ፕሮግራምና አንድ ሰርቨር። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይልና የኒውስግሩፕ ፕሮግራም ይጭንና "ቡድኖቹ የታሉ?" ይላል። ተንደርበርድ ማንበቢያ ነው፤ መልእክቱን የሚሰጠው ሰርቨሩ ነው። ድሮ ውጭ አገር ኢንተርኔት የሚያቀርበው ድርጅት ሰርቨሩንም አብሮ ይሰጥ ነበር፤ በ2008 አካባቢ የአሜሪካ ትልልቆቹ እየተዉት ሄዱ። እኛ ጋ ጥቅል ስትገዙ አብሮ የሚመጣ ነገር አይደለም። የሚቀሩት የሚከፈልበትና ነፃው ሰርቨር ናቸው።

የሚከፈልበት በዋናነት ትልልቅ ፋይል ለሚያወርዱ የተዘጋጀ ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ነው፣ የሚበላው ዳታም አይጣል ነው። ለማንበብና ለመጻፍ ከሆነ በእኔ እምነት ገንዘባችሁን አታውጡ። ኢተርናል ሴፕቴምበር የሚባለው ነፃ ሰርቨር የሚይዘው ጽሑፍ ብቻ ነው፣ የሚጠይቀውም ምዝገባ ነው። ለእኛ ኔት ከዚህ የሚመች መንገድ አላየሁም።

"ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም"

ሁሉን አስተካክላችሁ ሞልታችኋል፣ ፕሮግራሙ ግን ጥቂት ይጠብቅና ተስፋ ይቆርጣል። ብራውዘር ግን ይሠራል። ይህን የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ በተቋም ወይም በሆቴል ዋይፋይ ላይ ስትሆኑ ነው። ኒውስግሩፕ የሚያልፈው ድረ ገጽ በሚያልፍበት ፖርት (በቁጥር የሚለይ የግንኙነት በር) አይደለም። ተራው ግንኙነት 119፣ የተመሰጠረው 563 ይጠቀማል። ብዙ ተቋማት ደግሞ ከድረ ገጽ ውጪ ያለውን ይዘጋሉ።

ለማረጋገጥ የስልካችሁን ሆትስፖት ከፍታችሁ ሞክሩ። በሆትስፖት ከሠራ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው፤ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን ድካም ብቻ ነው። 119 ላይ ከሆናችሁ ወደ 563 ቀይሩና ምስጠራውን አብሩ። በ119 ያለ ምስጠራ ከገባችሁ ፓስወርዳችሁ እንዳለ በግልጽ ነው የሚያልፈው። ሐይቁ ዳር ካፌ ውስጥ ከማታውቋቸው ሰዎች ጋር ዋይፋይ እየተጋራችሁ ይህን አታድርጉት። 563ም ከተዘጋ በራሳችሁ ዳታ አውርዳችሁ ግቢ ውስጥ ያለ ኔት አንብቡ። እንዴት እንደሆነ ታች አለ።

480 ወይም 481 የሚል ቁጥር መጣ

480 "መጀመሪያ ማንነትህን አሳውቅ" ማለት ነው። 481 ደግሞ "አሳውቀሃል፣ ግን አልተቀበልኩህም"። ለመጀመሪያው ተንደርበርድ ውስጥ የአካውንቱን የሰርቨር ማስተካከያ ክፈቱና ሲገናኝ ማረጋገጫ እንዲጠይቅ የሚያደርገው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ። ለሁለተኛው ፓስወርዱን በእጃችሁ ጻፉት። ኮፒ ሲደረግ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ይከተላል፣ በዓይንም አይታይም።

ጥቅሉ አለቀ፣ ገና ምንም ሳላነብ

ይህ በጣም ያናድዳል፣ መፍትሄው ግን ቀላል ነው። አንድ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍቱ ሰርቨሩ ላይ ብዙ ሺህ መልእክት ሊኖር ይችላል። ተንደርበርድ የሁሉንም ርዕስ፣ የጸሐፊ ስምና ቀን ሊያወርድ ይነሳል። ከ500 ካለፈ ግን መጀመሪያ ይጠይቃችኋል። ትንሽ መስኮት ብቅ ትልና "ሁሉንም ላውርድ ወይስ 500 ብቻ?" ትላለች። ሰው በጥድፊያ ሁሉንም ብሎ ያልፋል። እናንተ 500 የሚለውን ምረጡ፣ ቁጥሩን ወደ 100 ዝቅ ማድረግም ይቻላል። ከሥሩ ቀሪዎቹን እንደተነበቡ ቁጠር የምትል ሳጥን አለች፤ እሷንም ምልክት አድርጉ። አለዚያ በሚቀጥለው ቀን ያው ጥያቄ ይመለሳል።

አሥር ቡድን በአንዴ መመዝገብም አይጠቅምም። በሁለት ጀምሩ።

ኔት ሲጠፋ ርዕሱ ይታያል፣ ውስጡ ባዶ ነው

ለእኛ ዋናው ይህ ነው። ማታ ርዕሶቹን አይታችሁ "ነገ አነባለሁ" ትላላችሁ። ጠዋት ኔትወርክ የለም፣ መልእክቱን ስትጫኑት ጭጭ ይላል። ምክንያቱም ተንደርበርድ ሳትነግሩት የሚያወርደው ርዕሱን ብቻ ነው። ውስጡን የሚያመጣው ስትከፍቱት ነው።

የቡድኑን ስም በቀኝ ቁልፍ ተጫኑና ባሕርያቱ ውስጥ ግቡ። ስለ ማመሳሰል የሚያወራው ክፍል ላይ ይህን ቡድን ያለ ኔት ለመጠቀም ምረጥ የሚል ሳጥን አለ። እሱን ምረጡ፣ እዚያው ያለውን አሁን አውርድ የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። በቃ። ተራ የጽሑፍ መልእክት ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ መቶው ቢወርድ ከአንድ ጥሩ ፎቶ ብዙም አይርቅም። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ በጀልባ ከመውጣታችሁ በፊት ይህን አድርጉና እዚያ ሆናችሁ ዘና ብላችሁ አንብቡ። መልስ መጻፍም ይቻላል፦ ፕሮግራሙን ያለ ኔት ወደሚሠራበት ሁኔታ ቀይራችሁ ጻፉ፣ መልሱ ተቀምጦ ይጠብቅና ኔት ሲመጣ ይላካል። በብራውዘር የሚገባ ሰው ይህን አያገኝም፤ ላፕቶፕ ላይ ፕሮግራም ጫኑ የምለው ለዚህ ነው።

ስልክ ብቻ ያላችሁ ግን ተንደርበርድ አንድሮይድ ላይ ኒውስግሩፕ አይከፍትም። ማህደሩን በብራውዘር ፈልጉ፣ ለቀሪው የጓደኛ ላፕቶፕ ተዋሱ።

አማርኛው ተዘበራረቀ

"ሰላም" ብሎ የተጻፈው ዘጠኝ የሚጠጉ እንግዳ የላቲን ምልክቶች ሆኖ ይመጣል። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የጽሑፍ ኮድ አንድ የኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ሲያነበው ነው እንዲህ የሚሆነው። ተንደርበርድ ውስጥ እይታ ከሚለው ዝርዝር የጽሑፍ ኮድ ጠግን የሚለውን ተጫኑ። የ1990ዎቹ መልእክት ላይ አማርኛው በላቲን ፊደል ተጽፎ ካያችሁ ግን አልተበላሸም። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር በሚያገኙበት ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት ብዙ ሰው በላቲን ፊደል ነበር የሚጽፈው።

ጻፍኩ፣ አልወጣም

441 ካያችሁ ሰርቨሩ ጽሑፉን አልተቀበለውም ማለት ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፣ ምክንያቱ እዚያ አለ። ብዙ ጊዜ የኢሜይል አድራሻው በትክክል አልተሞላም፣ ወይም አንድን መልእክት ለብዙ ቡድን በአንዴ ልካችኋል። 440 ከሆነ ሰርቨሩ ላይ መጻፍ አልተፈቀደላችሁም። ተንደርበርድ እንደ ድረ ገጽ ያሸበረቀ ጽሑፍ እንዳይልክ ከአካውንቱ የአጻጻፍ ማስተካከያ የኤችቲኤምኤሉን ምልክት አንሱ፤ በቡድኖቹ ውስጥ ያሉ ነባር ሰዎች ይህን አይወዱትም። የመጀመሪያ ጽሑፋችሁን ለመሞከሪያ ወደተከፈተው "ሚስክ ነጥብ ቴስት" ላኩ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ቡድኑን አድሱ፤ እዚያ ከታየ ወደፈለጋችሁት ቡድን መጻፍ ትችላላችሁ።