ለመዋጥ ችግር የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ሕክምና እንዴት እንደሚሰራ

አባቴ ከስትሮክ በኋላ ውሃ በጠጣ ቁጥር ትን ይለው ጀመር። ቱሉ ዲምቱ ባለው ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ድረስ እየወጣ የሚያክመው የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነው፤ መናገርና መዋጥ ብዙ ጡንቻ ስለሚጋሩ ሁለቱም የእርሱ ሥራ ናቸው። የሚጠቀምበት የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ መሣሪያ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች (ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ልጣፎች) ነርቭን ይቀሰቅስና ጡንቻው እንዲኮማተር ያደርጋል። ለሕመም ማስታገሻ የሚሸጠውን መሣሪያ ቢመስልም ሥራው ሌላ ነው።

መጀመሪያ ምርመራ ይደረግ። ምግብ ምንም ሳያስል ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል በዓይን አይቶ መፍረድ አይቻልም። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት፣ አንገቱ ላይ ካንሰር ወይም ቁስል ያለበት ሰው አይሞክረው። የሚጥል በሽታ ካለ አስቀድሞ ይነገር።

ከዚያ ጺም ይላጫል። አባቴ «ጺሜ አይነካም» ስላለ በላዩ ለጠፍንለት። አንዱ ጠርዝ ተነሣና ኤሌክትሪኩ በቀረችው ጠባብ ቦታ ተሰብስቦ እንደ ንብ ነደፈው። በማግስቱ ምላጩን ራሱ አቀበለኝ። ቆዳው በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፤ ቅባት አያስፈልግም።

ኤሌክትሮዱ ባለሙያው ባሳየው ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ከአገጭ ሥር ይለጠፋል። እዚያ ያሉት ጡንቻዎች ስንውጥ ማንቁርትን ወደ ላይና ወደ ፊት ይስባሉ። ዝቅ ብሎ ከተለጠፈ ግን ቁልቁል ሊጎትተው ይችላል። የአንገት ጎን ፈጽሞ አይነካ፤ የደም ግፊትና የልብ ምት ሊወርድ ይችላል።

ታማሚው ቀጥ ብሎ ይቀመጥና ኃይሉ ከዜሮ ተነሥቶ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርለት። አባቴ መጀመሪያ «ጉንዳን»፣ ቀጥሎ «ቁንጥጫ»፣ በመጨረሻ «ያዘኝ» ይላል፤ «ያዘኝ» ሲል እናቆማለን። መሣሪያው 25 ሚሊአምፔር ድረስ ቢሄድም ቁጥሩን ማሳደድ ትርፍ የለውም።

ማሽኑን ለጥፎ ቴሌቪዥን ማየት ባትሪ መጨረስ ነው። ጡንቻው የሚለማመደው ኤሌክትሪኩ እየሰራ ሲዋጥ ነው። ባለሙያው ከፈቀደ በግማሽ ማንኪያ ወፈር ያለ አጥሚት ይስጡት፤ ጠበቅ አድርጎ ይዋጥና «አ» ይበል። ድምፁ ውሃ እንደያዘ ጉሮሮ ከተንቆረቆረ ያስሉት፤ ካልጠራ የዚያን ቀን ልምምድ እዚያው ያብቃ። አንዱ ክፍለ ጊዜ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ አባቴ ግን 20ኛው ላይ ከደከመው አንገፋውም፣ የደከመ ሰው ትን ይለዋል።

ሲጨርሱ ኃይሉን ዜሮ ሳያደርሱ አይንቀሉ። የቆዳው መቅላት ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል፤ ውሃ ከቋጠረ ለባለሙያው ይደውሉ። የበላ ሰው ወዲያው አይተኛም፤ አባቴ ግማሽ ሰዓቱን በረንዳ ላይ ተቀምጦ የጎረቤት ልጆችን ኳስ ሲዳኝ ያሳልፋል።