ጅማ ላይ አሮጌ ትንሽ መኪና የያዛችሁ፣ እኔ ከፍዬ የተማርኳቸውን ስህተቶች አትድገሙ

ዲኤክስ ነው የምነዳው፣ በፈረንጆቹ 1982 የተሰራች፣ 1.3 ሞተር ያላት ኮሮላ። «ሽጣትና ተገላገል» ያላለኝ ዘመድ የለም። ግን ሸጬ ምን ልገዛ? በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ፣ ስለዚህ እንደኔ አይነቱ ሰው ያለችውን አጥብቆ መያዝ ነው ያለበት። ችግሩ እነዚህን መኪናዎች የሚገድላቸው እርጅና ብቻ አይደለም፣ ምክንያቱን ሳንፈልግ ምልክቱን እያጠፋን መሄዳችን ነው። እኔ ብዙ ብር ያወጣሁት እንደዛ ነው።

በጣም የተጎዳሁበትን ላስቀድም። መኪናዋ ሞቀች ሲባል ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ቫልቭ) ማስወጣት።

አዲስ አበባ ለመሄድ ከጅማ ወጥቼ፣ ግቤን ተሻግሬ ወደ ወልቂጤ ያለውን ዳገት ስይዝ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ። ዳር ይዤ አቆምኩ፣ እስክትቀዘቅዝ ጠበቅኩ፣ ውሃ ሞላሁ፣ እንደምንም ደረስኩ። ጅማ ስመለስ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙም ሳያይ «ቴርሞስታት ነው፣ ይውጣ፣ እዚህ አገር አያስፈልግም» አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። ከተማ ውስጥ ከአጂፕ እስከ ሂርማታ ለመመላለስ ምንም አልነበረባትም፣ እንዲያውም መርፌው ታች ሆኖ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ጉዞ እዛው ዳገት ላይ ግን እንደገና ፈላች፣ ይሄኔ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጣመመ። የዚህ ሞተር ብሎክ ብረት ነው፣ ቴስታታው ግን አሉሚኒየም ስለሆነ ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ይጣመማል፣ በሁለቱ መሃል ያለውን ጓርኒሲዮንም ያስበላዋል። ተፈቶ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላገ፣ ከዛ ወጪውን እናንተው አስቡት።

ምክንያቱን ያገኙልኝ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ሞተሩን እንኳን አልነኩም፣ የራዲያተሩን ክዳን ብቻ ነቅለው አሳዩኝ። ውስጡ ያለችው የጎማ ቀለበት ደርቃ ተሰነጣጥቃለች፣ በጥፍሬ ስነካት ፍርፍር ብላ ተነሳች። ከክዳኑ ስር ጀምሮ ደግሞ በራዲያተሩ ፊት ላይ ዝገት የመሰለ ቡናማ መስመር ወርዶ ደርቋል። «ልጄ፣ ውሃው የሄደበትን ራሷ ጽፋልሃለች እኮ» አሉኝ። ስንት ጊዜ ኮፈን ከፍቼ ያንን መስመር አይቼው አልፌዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅማ ወደ 1,750 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ጎማው ካለቀ ግፊቱ የለም፣ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ይተናል፣ እንፋሎት ደግሞ ብረት አያቀዘቅዝም። ቴርሞስታቱ ምንም ጥፋት አልነበረበትም። እንዲያውም እሱ ሲወጣ ሞተሩ በጠዋት ብርድ ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ከተጠራጠራችሁት አስወጥታችሁ በክር አንጠልጥላችሁ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት። አብዛኛው 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ስለሚጀምር የጅማ የፈላ ውሃ ይበቃዋል። ከተከፈተ ደህና ነው መልሱት፣ ካልተከፈተ አዲስ ግዙ፣ ግን ቦታውን ባዶ አትተዉት።

ውሃውንም ላንሳው እንጂ፣ ከአዌቱም ሆነ ከጉድጓድ ቀድቶ መሙላት ዝገትና ዝቃጭ ነው የሚያስቀምጠው፣ ቀስ በቀስ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናቸዋል። ኩላንትና ንጹህ ውሃ እኩል በእኩል አድርጉ። በሞቀ ሞተር ላይ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ በፍጹም አታፍስሱ፣ ክዳኑንም እንዳትከፍቱ፣ ፊት ያቃጥላል።

ሁለተኛው በግምት እቃ መቀየር ነው። ጠዋት ቁልፍ ስታዞሩ «ጢክ» ብላ ዝም ስትል ሁሉም ሰው መካኒክ ይሆናል፣ አንዱ ባትሪ ነው ይላል፣ አንዱ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው)። እኔ ሁለቱንም ገዛሁ። ጥፋቱ ግን ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩና ሻሲው የሚሄደው ገመድ ጋ ነበር፣ ጫፉ በዝገት ተበልቶ። በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ ሲታሰር አሮጌው ሞተሪኖ ራሱ አስነሳት! ትንሽ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ግዙ፣ ዋጋው ከባትሪ ጋር አይወዳደርም። ሙሉ ባትሪ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ ሞተር ሲነሳ ደግሞ 14 ገደማ መሆን አለበት፣ 14 ካልደረሰና 12 ላይ ከቀረ ባትሪ አትግዙ፣ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞና እሱን የሚያዞረውን ቺንጋ አስዩ።

ፍሬን። ይሄን ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት እለምናችኋለሁ። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ ሁሉም ይቀይራል፣ የፍሬን ዘይቱን ግን የሚቀይር ስንት አለ? ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ጅማ ደግሞ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሚዘንብባት ከተማ ናት። ዶት 3 የሚባለው ዘይት ገና አዲስ እያለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ሰኮሩን አልፋችሁ ወደ ግቤ ስትወርዱ፣ ድልድዩ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፣ ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ እግራችሁን ፍሬን ላይ ተክላችሁ ከወረዳችሁ ዘይቱ ይፈላና ውስጡ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉ ባዶ ይገባል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩ፣ አሮጌው እንደ ቡና ጠቁሮ ሲወጣ ታዩታላችሁ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ወይ በሶስተኛ ማርሽ ውረዱ፣ ሞተሩ ይያዛት። ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው ማርሽ አውጥተው በፎሌ የሚለቁ ሰዎች አውቃለሁ፣ ቤተሰብ ጭነው፣ ልቤ ነው የሚርደው።

ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን መቅዳት። እኔም ቀድቻለሁ፣ ማደያ ላይ ግማሽ ቀን የተሰለፈ ሰው ቢገዛ አልወቅስም። ግን ናፍጣ ወይ ውሃ ሊቀላቀልበት ይችላል፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ደግሞ ጥቃቅን ቀዳዳ ስለሆነ ይደፈናል። የግድ ከሆነ በብርጭቆ ጠርሙስ አድርጋችሁ ትንሽ አቆዩት፣ ውሃ ካለው ከታች ተለይቶ ይታያል። የቤንዚን ፊልትሮ (ማጣሪያ) ትርፍ ያዙ፣ በቃ።

ጭስ ስታዩ ወፍራም ዘይት መጨመርም ያው ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ ጥቁር ቤንዚን በዝቷል፣ ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውሃ እየገባ ነው። ሶስቱም የተለያየ በሽታ ነው፣ አንድ መድሃኒት የላቸውም። ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፍቱና ጫፉን እዩት፣ ቡናማ ከሆነ ደህና ናት፣ ጥላሸት ከለበሰ ወይ በዘይት ከረጠበ ግን የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ ይነግራችኋል።

እቃ በስልክ ማዘዝ። ጅማ ላይ የጠፋውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና እቃ መሸጫው ሰፈር፣ ላለ ሰው ደውለን «የዲኤክስ ፍሪሲዮን ላክልኝ» እንላለን፣ እቃው በአውቶብስ ይመጣል፣ ሲገጠም ጥርሱ አይገባም፣ ከዛ መመለሻ፣ ድጋሚ መላኪያ፣ መኪናዋ ሳምንቱን ሙሉ ጋራዥ ተጋድማ። አሮጌውን ፈትታችሁ ዳያሜትሩን ለኩ፣ ጥርሱን ቁጠሩ፣ ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻሲ ቁጥር ጨምራችሁ በፎቶ ላኩ። ከተቻለ አሮጌውን ራሱን ናሙና አድርጋችሁ ላኩት። ያወጣችሁትን እቃ ደግሞ ጋራዥ ጥላችሁ አትሂዱ፣ አንዳንዴ አዲስ ተብሎ ከተገጠመው ይሻላል።

የመጨረሻው ዝገት ላይ ስቱኮ (ቀዳዳ መሙያ ልስን) ማስመታት ነው። ከውጭ ሲያዩት ያምራል፣ ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል፣ ስሩ ግን ዝገቱ ስራውን አላቆመም፣ ሁለት ክረምት ሳይሞላ ያብጥና ይረግፋል። ላሜራው ተቆርጦ በአዲስ ካልተበየደ ገንዘባችሁን አትስጡ። መከላከሉ ግን በእጃችን ነው። የበሮቹ ታችኛ ጠርዝ ላይ ውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ፣ በጭቃ ስለሚደፈኑ ውሃው በሩ ውስጥ ይቀመጣል፣ በቀጭን ሽቦ ክፈቷቸው። ስትታጠብ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከስር፣ ጎማዎቹ ያሉበት ጉድጓድ ውስጥ የተለጠፈውን ቀይ አፈር በውሃ አስነሱት። እና እባካችሁ በክረምት የወለሉን ምንጣፍ አንሱ። እኔ በነሐሴ የሾፌር በኩሉን ሳነሳ ስሩ ያለው ስፖንጅ እንደ እቃ ማጠቢያ ውሃ ጠጥቶ ነበር፣ ጨምቄ አውጥቼው ወለሉን በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ሳደርገው አለፈ፣ በቀዳዳው የግቢዬን ሳር አየሁት።